ችካሉ ከቤቱ ይቅደም፤ ስለ ደሴና ኮምቦልቻ የነገ ስፋት

የከተማ ፕላን ሲባል ቀድሞ ዓይን ውስጥ የሚገባው ማዘጋጃ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ባለቀለም ካርታ ነው። ቢጫው መኖሪያ፣ ቀዩ ንግድ፣ ወይን ጠጁ ኢንዱስትሪ፣ አረንጓዴው ጥብቅ ቦታ። ሕዝብ ለውይይት ሲጠራም፣ ካቢኔ ሲቀመጥም ክርክሩ ቀለሙ ላይ ነው። እኔን ግን ለደሴም ሆነ ለኮምቦልቻ ከቀለሙ ይልቅ የሚያሳስበኝ መስመሩ ነው፤ መንገድ የሚያልፍበትንና ቤት የማይሠራበትን ቦታ መሬት ላይ በችካል የሚለየው ወሰን። ቀለም ይለወጣል፤ መኖሪያ የተባለው ቦታ በአሥር ዓመት ውስጥ ሱቅና ክሊኒክ ቢሆን ከተማው አይጎዳም። ለመንገድ በተያዘ መስመር ላይ አንዴ ቤት ከተሠራ ግን፣ ወይም ሊንሸራተት በሚችል ዳገት ሥር መንደር ከተመሠረተ፣ ያንን የሚመልስ በጀት አይገኝም። ቢገኝም የሰው ኑሮ አፍርሶ ነው።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 እርከኑን አስቀምጦታል። ከላይ አገር አቀፉ ዕቅድ አለ፣ ቀጥሎ ክልላዊው፣ ከዚያ የየከተማው መዋቅራዊ ፕላን፣ በመጨረሻም ሰፈር በሰፈር የሚዘረዝረው የአካባቢ ልማት ፕላን። ፌዴራል መንግሥቱ ስታንዳርድ ያወጣል፣ ክልሉ በባለሙያ ይደግፋል፣ ከተማው ያዘጋጃል፣ ሕዝብ ያወያያል፣ በምክር ቤቱ ያጸድቃል። የመዋቅራዊ ፕላን ዕድሜ 10 ዓመት ነው። ይህ ለቀለሙ ይበቃል፤ ለዋና መንገድ፣ ለወንዝ ዳርቻና ለውኃ ጉድጓድ መስክ ግን በጣም አጭር ነው። ከአዲስ አበባ ደሴን አቋርጦ ወደ ሰሜን የሚዘልቀው መንገድ በጣሊያን ወረራ ዘመን በዘመናዊ መልክ የተሠራ ነው፤ ከ80 ዓመት በላይ ሆኖት እንኳ ደሴ ዛሬም የምትተነፍሰው በእሱ ነው። አንድ ጊዜ የተጠረገ መስመር ይህን ያህል የሚኖር ከሆነ፣ የማስፋፊያ ቦታዎች ዋና መንገድም ቢያንስ የሠላሳ ዓመት ዕድገት ታስቦበት መያዝ አለበት። መዋቅራዊ ፕላኑ በየአሥር ዓመቱ ሲከለስ መስመሩ አብሮ መከለስ የለበትም።

ስለ ሕዝብ ቁጥር ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ፕላን የሚሳሳተው እዚህ ነውና። በ1986ቱ ቆጠራ ደሴ 97,314 ሰው ነበራት። በ1999ኙ ቆጠራ የከተማ አስተዳደሩ ሕዝብ 151,174 ሆኖ ተመዘገበ። ከዚህ ውስጥ በከተማ ነዋሪነት የተቆጠረው 120,095 ሲሆን፣ የቀረው 31,079 በአስተዳደሩ ሥር ባሉ የገጠር ቀበሌዎች የሚኖር ነው። ዕድገቱን ከ97,314 ወደ 120,095 ያሰላ ባለሙያ በዓመት 1.6 በመቶ ያገኛል። ወደ 151,174 ያሰላው ደግሞ 3.4 በመቶ። በኮምቦልቻ ልዩነቱ ይብሳል፤ ከ39,466 ወደ 58,667 ከተባለ 3.1 በመቶ፣ የገጠር ቀበሌዎቹን ጨምሮ ወደ 85,367 ከተባለ ደግሞ 6.1 በመቶ ነው። ሁለተኛው ስሌት የወሰን መስፋትን እንደ ሕዝብ ዕድገት ይቆጥራል። የመጀመሪያው ደግሞ ከከተማው ጫፍ አልፎ እርሻ ላይ የሰፈረውን፣ ከተማ ውሎ የሚገባውን ሰው ይረሳዋል። ለደሴ ሁለቱን ለ20 ዓመት ብናስኬዳቸው፣ አንደኛው ወደ 165,000 ሌላኛው ወደ 295,000 ይደርሳል። የ130,000 ሰው ልዩነት ነው፤ በሄክታር 120 ሰው ቢሰፍር ከ1,000 ሄክታር በላይ መሬት ማለት ነው። የውኃ ታንከሩም፣ የትምህርት ቤቱም፣ የመቃብር ቦታውም ልክ ከዚህ ይነሣል።

ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተደረገም። በዚያ ላይ በ2014ቱ ጦርነት ከሰሜን የተፈናቀለ ብዙ ሕዝብ ወደ ሁለቱ ከተሞች ገባ፤ ከዚያም ከተሞቹ ራሳቸው በጦርነቱ ውስጥ አለፉ። እንዲህ ያለውን ለውጥ የድሮ መቶኛ አይነግረንም። ስለዚህ አሮጌውን ቁጥር በመቶኛ እያባዙ ከመሄድ የሚሻለው መሬት ላይ ያለውን መቁጠር ነው። ከሳተላይት ምስል ጣሪያ ይቆጠራል፤ ከየቀበሌው የተወሰኑ ቤቶች ተመርጠው በአንድ ጣሪያ ሥር ስንት አባወራና ስንት ሰው እንዳለ ይጠየቃል፤ ውጤቱ ከመብራትና ከውኃ ቆጣሪ ብዛት፣ ከአንደኛ ክፍል ምዝገባ ጋር ይመሳከራል። ሦስቱ ከተቀራረቡ ቁጥሩ ይታመናል። ከተራራቁ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ስህተቱ ያለው ቆጣሪ ባልገባለት ሰፈር ነው፤ ያም ሕገወጥ የሚባለው ሰፈር ነው።

ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ግምት ተሠርቶ በመካከለኛው መስማማት የተለመደ ነው። ለበጀት ልክ ነው። ለመስመር ግን ከፍተኛውን መያዝ ይበጃል፤ ያልተፈለገ የመንገድ መስመር ለሃያ ዓመት ገብስና ጤፍ ቢያበቅል የሚጎዳው የለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ደሴ እንደ ደሴ ዙሪያና ኩታበር ባሉ ወረዳዎች፣ ኮምቦልቻ ደግሞ በዋናነት በቃሉ ወረዳ የተከበቡ ናቸው። ከተማው ሲሰፋ የገጠር ቀበሌ ከወረዳው ወደ ከተማ አስተዳደሩ ይዛወራል። የገጠር መሬት በክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 ይተዳደራል፣ የከተማው በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004። ቀበሌው ሊካለል ነው የሚለው ወሬ ከተሰማበት ቀን አንሥቶ ርክክቡ እስኪያልቅና ችካል እስኪቸከል ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ያልፋሉ። ወረዳው “ከእኔ ወጥቷል” ይላል፣ ከተማው “ገና አልተረከብኩም” ይላል። ጨረቃ ቤት የሚበቅለው በዚህ ክፍተት ነው።

ገበሬው ለምን በውል ስም ቆራርሶ ይሸጣል? ስሌቱ ቀላል ነው። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 መሠረት፣ በቋሚነት የሚነሣ የገጠር ባለይዞታ የሚከፈለው የመፈናቀያ ካሳ ካለፉት ሦስት ዓመታት የከፍተኛው ዓመት ገቢ በ15 ተባዝቶ ነው፤ በቀድሞው አዋጅ የአምስት ዓመት አማካይ በ10 ነበር። ሕጉ ተሻሽሏል፤ የሚቆጠረው ግን አሁንም የሰብሉ ገቢ ነው። አንድ ጥማድ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር ያህል፣ 2,500 ካሬ ሜትር ነው። ደላላ ሲመጣ አሥር ባለ 200 ካሬ ቦታ ይወጣዋል፤ የሚተርፈው 500 ካሬ ለመተላለፊያ ይሆናል። በደሴና በኮምቦልቻ ጫፎች መኪና የማይተላለፍበት፣ የእሳት አደጋ ተሽከርካሪ የማይገባበት የሦስት ሜትር ጥሻ መንገድ የተወለደው ከዚህ ስሌት ነው። ጎረቤቱ ሲሸጥ ደግሞ በራሱ ጥማድ ልክ ይቆርጣል፤ የሁለቱ መተላለፊያ አይገናኝም። ገበሬውን መውቀስ አይገባም። ለልጆቹ የሚበጀውን ነው የሠራው። ወቀሳው ሊካለል መሆኑን እያወቀ መስመሩን ሳይቸክል ለሚከርመው አስተዳደር ነው።

መስመር መያዝ ምን ያህል ይፈጃል? በጠፍጣፋ መሬት ላይ፣ እንደ ኮምቦልቻ ሜዳ፣ በየአንድ ኪሎ ሜትሩ 30 ሜትር ስፋት ያላቸው ዋና መንገዶች አግድምና ሽቅብ ይዘረጋሉ። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ሁለት ኪሎ ሜትር መንገድ ይወጣል፤ የሚወስደው መሬት 6 ሄክታር፣ ከመቶ 6 ነው። በ2005 ዓ.ም. ገደማ በአዳማ፣ በባሕር ዳር፣ በሐዋሳና በመቀሌ የተጀመረው የከተማ ማስፋፊያ ሥራ መነሻውም ይኸው ሐሳብ ነበር። በመንገዱ ግራና ቀኝ በየ50 ሜትሩ የኮንክሪት ችካል ቢተከል ለአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 80 ችካል ይበቃል፤ ለ1,000 ሄክታር ማስፋፊያ 800። ካሳው የሚከፈለው ለ60 ሄክታር ነው። ለስሌት ያህል የአንድ ሄክታር ከፍተኛ የዓመት ገቢ 100,000 ብር ቢሆን፣ በ15 ተባዝቶ 90 ሚሊዮን ብር ይሆናል፤ የዛፍና የቤት ግምት ለብቻው ነው። ብዙ ገንዘብ ነው። ግን ያው 60 ሄክታር በ200 ካሬ ቦታዎች ከተሸነሸነ 3,000 ቤት ይይዛል። ከአሥር ዓመት በኋላ ለአንድ ቤት ግምት 500,000 ብር ብቻ ቢታሰብ እንኳ 1.5 ቢሊዮን ብር ነው፤ ምትክ ቦታው ገና አልተቆጠረም።

ችካል ስል ስም ብቻ ያለው ችካል ማለቴ አይደለም። የእንጨት ችካል አንድ ክረምት አይከርምም፤ በሬ ይነቅለዋል፣ ለማገዶም ይሄዳል። ኮንክሪቱ ግማሽ ሜትር ያህል መሬት ውስጥ መግባት፣ ቁጥር መያዝና በጂፒኤስ መመዝገብ አለበት፤ ዝርዝሩም ለቀበሌው፣ ለመሬት አስተዳደሩና ለደንብ አስከባሪው እኩል ይሰጥ። ሰውየው መሠረት ሲያወጣ “አላወቅሁም” እንዳይል፣ ደንብ አስከባሪውም እንደ ሰው ፊት እንዳይለይ የሚያደርገው ያ ቁጥር ነው። ከችካሉ ጋር መንገዱ በአንድ ማሽን ጥርጊያ እንኳ ቢከፈት ደግሞ እጅግ ይሻላል። ሰው የሚሄድበትን መንገድ ማንም በቀላሉ አያጥረውም።

ይህ ሁሉ ለሜዳ ነው። ደሴ ላይ ስንመጣ ሒሳቡ ይለወጣል። ከተማዋ በጦሳና በአዝዋ ገደል ተራሮች መካከል፣ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ጠባብ ሸለቆ ናት። አራት ማዕዘን መንገድ ካርታ ላይ ብታሰምርባት ዳገቱ ይሰብረዋል። መንገዱ 8 በመቶ ሽቅብ እንዲወጣ ከተፈለገ 100 ሜትር ከፍታ ለመውጣት 1,250 ሜትር መጠማዘዝ አለበት። ስለዚህ በደሴ የመንገድ መስመር የሚወሰነው በኮንቱር፣ ማለትም እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች በሚያገናኘው መስመር ነው፤ ዋናው መንገድ ኮንቱሩን ተከትሎ ይሄዳል፣ ሽቅብ የሚያገናኙት ጥቂት ይሆናሉ፣ በመካከላቸው ያለውን የእግረኛ ደረጃ ይሸፍነዋል። ደረጃው ፕላን ውስጥ እንደ መንገድ ካልተመዘገበ ግን የሚጠብቀው የለም፤ የአንዱ አጥር ይውጠዋል።

ሽንሻኖውም እንዲሁ ነው። ከ20 በመቶ በላይ የሆነ ተዳፋት ለመኖሪያ ባይመረጥ ይመከራል፤ ለምን እንደሆነ ቦታው ላይ እንየው። 10 በ20 ሜትር የሆነ 200 ካሬ ቦታ ረጅሙ ጎኑ ሽቅብ ከተቀመጠ፣ ከታችኛው አጥር እስከ ላይኛው የ4 ሜትር ከፍታ ልዩነት አለው። ሁለት ሜትር ቆርጠህ ሁለት ሜትር ትደለድላለህ፤ ወይም ከቤቱ የሚወደድ የድንጋይ ግንብ ትሠራለህ። የቤት ሠሪ ማኅበር አባል በቁጠባ ገንዘቡ ይህን አይችልም፣ ስለዚህ ያለ ግንብ ይቆርጣል። ረጅሙ ጎን ኮንቱሩን ተከትሎ ቢተኛ ልዩነቱ 2 ሜትር ብቻ ይሆናል። ነገር ግን እያንዳንዱ ቦታ በ10 ሜትር ፈንታ 20 ሜትር መንገድ ላይ ይዘረጋል፤ የኮብልስቶኑ፣ የውኃ መስመሩና የመብራት ምሰሶው ወጪ እጥፍ ይሆናል። ከተማው ወጪውን ፈርቶ ጠባቡን ፊት ወደ መንገድ ያደርገዋል፤ የግንቡንም የናዳውንም ዕዳ ባለቤቱ ይሸከማል። በእኔ እምነት ከ10 በመቶ በላይ በሆነ ተዳፋት ላይ ቦታው ኮንቱሩን ተከትሎ መተኛት አለበት፤ በቁጥር ጥቂት ቦታ ቢወጣም።

የደሴ መሬት መንሸራተት የታወቀ ነገር ነው። ከተማዋ በአፋር ስምጥ ምዕራባዊ ጠርዝ፣ መሬት ተሰንጥቆ በሰመጠበት ጎድጓዳ ውስጥ ናት። ከግራ ከቀኝ ተራሮች የወረደው ሸክላማ አፈርና ድንጋይ በተሸረሸረ ባዛልት ላይ ተከምሯል። ክረምት ሲገባ ሸክላው ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ከሥሩ ይሟልጣል። የቦርከና ወንዝ ገባር ጅረቶች የዳገቱን እግር ይበሉታል። ሰውም ሦስት ነገር ይጨምርበታል፤ እግሩን ለቤት መሠረት ይቆርጣል፣ አናቱን በአፈር ድልድል ይጭናል፣ መካከሉ ላይ ደግሞ የመጸዳጃ ጉድጓድ ቆፍሮ በጋም ክረምትም ውኃ ያስገባበታል። ዘንበል ያለ የመብራት ምሰሶ፣ እንደ ቀስት የታጠፈ የባሕር ዛፍ ግንድ፣ በየዓመቱ የሚሰፋ የግድግዳ ስንጥቅ፣ አዲስ የፈለቀ ምንጭ የሚታይበት ሰፈር ካርታው ላይ ለብቻው መከለል አለበት። መዳኛውም ሁልጊዜ ግንብ አይደለም። ከሁሉ በፊት ከዳገቱ በላይ ውኃውን ጠልፎ ወደ ጎን የሚያወጣ ቦይ፣ ቀጥሎ የጅረቱን እግር በጋቢዮን፣ ማለትም ድንጋይ በተሞላ የሽቦ ሣጥን፣ መያዝ፤ ግንቡ ከዚያ ይመጣል። የውኃ መውጫ ቀዳዳ የሌለው ግንብ ከኋላው ውኃ አቁሮ ራሱ ናዳ ይሆናል። የመሬት መንቀጥቀጡም አይረሳ፤ በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው ማጀቴን ያፈረሰው በዚሁ ጠርዝ ላይ ነው።

ደሴ ላይ የሚሠራው ደሴ ላይ አይቀርም። ቦርከና ከኩታበር በኩል ተነሥቶ ደሴን አቋርጦ፣ በዶሮ መዝለያ ጠባብ ገደል ወርዶ ወደ ኮምቦልቻ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ጨፋ ሜዳ ነው። 100 ሄክታር እርሻ ላይ በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር የሚጥል ዝናብ ቢወርድና 30 በመቶው ቢፈስ በሰከንድ 4 ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ይወጣል። ያው መሬት ቆርቆሮና ኮብልስቶን ሲለብስ 70 በመቶው ይፈሳል፤ ወደ 10 ሜትር ኩብ ይጠጋል። የደሴ አንድ ማስፋፊያ ሰፈር ሲጸድቅ የኮምቦልቻ ድልድይ ሥር የሚያልፈው ውኃ እየተወሰነ ነው ማለት ነው። ሁለቱ ከተሞች ግን የየራሳቸው ምክር ቤት፣ የየራሳቸው ፕላን አላቸው። እዚህ ላይ ነው ክልሉ የሚፈለገው። አዋጁ ክልላዊ የከተሞች ልማት ፕላን ያለው ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ነው፤ የቦርከና ዳርቻ ስፋት፣ የደረቅ ቆሻሻ ማስወገጃ ቦታ፣ የጉድጓድ መስኮች ጥበቃ፣ ደሴንና ኮምቦልቻን የሚያገናኘው የሐረጎ መንገድ በአንድ ሰነድ ይወሰኑ።

ኮምቦልቻ በ1,850 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሜዳ ናት፤ ፈተናዋ ሌላ ነው። 75 ሄክታሩ የኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ተመርቋል። ደረቅ ወደቡ፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ወደ ባቲና ሚሌ የሚወጣው መንገድ፣ ከአዋሽ ሐራ ገበያ የተዘረጋው የባቡር መስመር ሁሉም መሬት ይዘዋል፣ ሁሉም ከተማዋን ይቆራርጧታል። ፋብሪካ ሲታቀድ የሠራተኛው ማደሪያ አብሮ አይታቀድም። 10,000 ወጣት ተቀጥሮ ሁለት ሁለት ሆኖ ቢከራይ 5,000 ክፍል ያስፈልጋል፤ በአንድ ግቢ አምስት ሰርቪስ ቤት ቢቆጠር 1,000 ግቢ። ይህን የሚያቀርበው መንግሥት አይደለም፣ ጡረተኛውና ነጋዴው ናቸው። ስለዚህ ፋብሪካ በእግር በሚደረስበት ርቀት፣ ለኪራይ ክፍል የሚመች ሽንሻኖ፣ ለብዙ ሰው የሚበቃ መጸዳጃና ማታ የሚበራ መንገድ ያለው ሰፈር ቀድሞ ቢዘጋጅ፣ በተለይ ከሥራ በሌሊት የሚወጡት ሴቶች ከአደጋ ይተርፋሉ።

የሐረጎው መንገድ ነገር የብቻው ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወደ 650 ሜትር መውረድ አለ፤ በ6 በመቶ ቁልቁለት ለዚያ ብቻ 11 ኪሎ ሜትር ያስፈልጋል። ሌላ መስመር እንደ ልብ አይገኝም። አስፋልቱ ዳር እየተሠራ ያለው ቤት ሁሉ በሩን በቀጥታ ወደ አስፋልቱ ከከፈተ፣ የከባድ መኪና መንገዱ የሰፈር መንገድ ይሆናል። ከአስፋልቱ ጀርባ ትይዩ የውስጥ መንገድ ይከፈት፣ ወደ ዋናው መግቢያም በየ500 ሜትሩ ብቻ ይሁን።

ለምን ይህ ሁሉ አይደረግም? የከተማ ገቢ ከሊዝ ስለሚመጣና ቅድመ ክፍያው ለዕለት ወጪ ስለሚፈለግ ነው። መንገድ ያለበት ጥሩ ቦታ ቶሎ ይሸነሸናል፣ ለጨረታም ይወጣል፤ የሩቁ መስመር ካሳ ለሚቀጥለው ዓመት ይባላል። በየዓመቱ በሚከለሰው የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ ውስጥ ለመስመር ካሳና ለችካል የማይነካ አንድ ርዕስ ቢኖር፣ ከሊዝ ገቢው አሥር በመቶው እንኳ ቢገባበት፣ ሥራው ቀስ እያለ ይሄዳል።

የሚቀጥለው የሕዝብ ውይይት ሲጠራ፣ ከቀለሙ በፊት የችካል ዝርዝሩ ይጠየቅ፤ ስንቱ ተተከለ፣ ስንቱ ተነቀለ፣ ማን ይጠብቀዋል? ቀጥሎ የተዳፋት ካርታው ከሽንሻኖው ጋር ተደርቦ ይታይ፤ ከ20 በመቶ በላይ በሆነ ቦታ ላይ ስንት የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ተሰጥቷል? ከዚያም የዚህ ሰፈር ግንባታ ሲያልቅ በነሐሴ ዝናብ በሰከንድ ስንት ሜትር ኩብ ውኃ፣ በየትኛው ቦይ ወደ ቦርከና እንደሚገባ ይነገር። ይህ ቁጥር በሰነዱ ውስጥ ከሌለ የአካባቢ ልማት ፕላኑ ገና አላለቀም፤ ምክር ቤቱ ሳያጸድቅ ለባለሙያዎቹ ይመልሰው።